ከባሕር ማዶ የሚመጡ መኪናዎችና የአገራችን የኤሌክትሪክ ኀይል

ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ጉምሩክ ቀረጥና ስለ መርከብ ኪራይ አያሌ ዐዋቂዎች ጽፈዋል፤ ወደፊትም ይጽፋሉ። እኔ ግን የዛሬውን ጽሑፌን የማውለው ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ለምታንስ ነገር ነው፤ ይኸውም በማናቸውም የኤሌክትሪክ መኪና ጀርባ ወይም ሥር ተለጥፋ ለምትገኘው፣ ከመዳፍ ለማትሰፋው ሰሌዳ ነው። ይህችን ሰሌዳ አስመጪው ሳያነባት ያዝዛል፤ ባለሱቁ ሳያነባት ይሸጣል፤ ገዢውም ሳያነባት ስፒናውን ሰክቶ ማብሪያውን ይጫናል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በሽሮ ሜዳ የምንውል ሰዎች ከጭሱ ሽታ ለይተን እናውቀዋለን።

ሽሮ ሜዳ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በጉለሌ በኩል ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለ የአገር ልብስ ገበያ ነው። ሸማኔው በእጁና በእግሩ ስለሚሠራ ከኤሌክትሪክ ጋር ጉዳይ የለውም። ሸማው ከሸማኔው እጅ ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ቀሚሱ የሚሰፋው በኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ጥልፉ ብዙውን ጊዜ የሚጠለፈው በኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ለደንበኛው ከመሰጠቱ በፊት የሚተኮሰውም በኤሌክትሪክ ካውያ ነው። እኔም በዚሁ ሰፈር የአንድ ልብስ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ ስለምሠራ፣ የማዘዣውን ደብዳቤ፣ ፕሮፎርማውንና ደረሰኙን የምጽፍ እኔ ነኝ። ስለ ኤሌክትሪክ የምናገረው እንደ መሐንዲስ ሳይሆን በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የመኪናን ሰሌዳ ማንበብ እንደ ተማረ ሰው ነው።

በአገራችን በየቤቱና በየሱቁ የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ሦስት ፌዝ ለሚፈልግ ትልቅ መኪና ደግሞ 380 ቮልት ነው። ሁለቱም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳሉ፤ ይህም በሰሌዳው ላይ 50 ሄርዝ ተብሎ ይጻፋል። ከቻይና የሚመጣው ዕቃ በአብዛኛው ለ220 ቮልትና ለ50 ሄርዝ የተሠራ ስለሆነ ከእኛ ጋር ይስማማል። በዱባይ ያለውም ኤሌክትሪክ ከእኛ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ስፒናው እንደ እንግሊዞች ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር መሆኑ ነው። አሜሪካ ግን ለቤት የምትሰጠው 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው። ጃፓን 100 ቮልት ትጠቀማለች፤ ያውም በምሥራቁ ክፍሏ 50 ሄርዝ፣ በምዕራቡ ክፍሏ 60 ሄርዝ ነው። ደቡብ ኮሪያ 220 ቮልት አላት፤ ሆኖም 60 ሄርዝ ነው። ሳውዲ ዐረቢያ ለረጅም ዘመን በቤቶች 127 ቮልት ስትሰጥ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2010 ቀስ በቀስ ወደ 230 ቮልት ለመለወጥ ወሰነች፤ 60 ሄርዙን ግን እንዳለ ተወችው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አንባቢን በቁጥር ለማድከም አይደለም። እነዚህ አገሮች ሁሉ በሽሮ ሜዳ አሉ። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለእኅታቸው የስፌት መኪና ይልካሉ፤ ከሳውዲ የተመለሰች ልጅ ካውያና የስፌት መኪና ይዛ ትመጣለች፤ አስመጪውም ከጃፓን ወይም ከኮሪያ ያገለገለ የጥልፍ መኪና በቅናሽ አግኝቻለሁ ብሎ ደስ ይለዋል። መኪናዋ መልካም ናት፤ ዋጋዋም መልካም ነው፤ የተሠራችው ግን ለሌላ አገር ሽቦ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቮልቱ እንነጋገር፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በዓይን የሚታየው ከዚህ ነው። ለ120 ቮልት የተሠራች የ1,000 ዋት ካውያ ብንወስድና የስፒናዋን እግር ብቻ ለውጠን ወደ 220 ቮልት ብንሰካት፣ የምትስበው ኀይል ቮልቱ እንደ ጨመረው መጠን ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ የሚሆን ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። ቮልቱ ሲጨምር በሽቦዋ ውስጥ የሚያልፈውም ኤሌክትሪክ አብሮ ስለሚጨምር፣ ሁለቱ ተባዝተው ኀይሉ ከ3,300 ዋት በላይ ይሆናል። ለአንድ ሺህ የተሠራ ሽቦ ከሦስት ሺህ በላይ ሲጫንበት የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው።

በሰፈራችን አንዲት ልብስ ሰፊ የዕቁብ ዕጣዋ ሲደርሳት ከአንድ ሱቅ የአሜሪካ ሥሪት የሆነች የጥልፍ መኪና ገዛች። ጊዜው ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ሳምንት የቀረው ነበርና ትእዛዝ በዝቶባታል። ባለሱቁ ስፒናውን ከአገራችን ሶኬት ጋር የምታገናኝ ትንሽ መለወጫ ጨምሮ ሰጣት፤ እርስዋም ይህች መለወጫ ኤሌክትሪኩንም የምትለውጥ መስሏት ሰካችው። መለወጫዋ ግን የእግር ቅርጽ ከመለወጥ በቀር ሌላ ሥራ የላትም። መኪናዋ አንድ ጊዜ ጮኻ ዝም አለች። ልብስ ሰፊዋ የዕቁቡን ዕዳ ለመክፈል እስከ ሚያዝያ ድረስ በሰው መኪና ላይ ተቀጥራ ሰፋች። ባለሱቁን ያነጋገሩት ሽማግሌዎች ያገኙት መልስ፣ «የሸጥኩት ደኅና መኪና ነው፤ ያቃጠለችው እርስዋ ናት» የሚል ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን ሳይጮኽ የሚያጠፋው የሄርዝ ልዩነት ነው። ከኮሪያ የመጣ ባለ ሞተር መኪና 220 ቮልት ይላል፤ ስፒናውም ያለ መለወጫ ከእኛ ሶኬት ይገባል። ገዢው ሰክቶ ያስነሣዋል፤ መኪናውም ይዞራል። ማንም አይጠረጥርም። ነገር ግን በመስመሩ ፍጥነት የሚዞር ሞተር በ60 ሄርዝ በደቂቃ 1,800 ዙር ለመዞር የተሠራ እንደሆነ፣ በ50 ሄርዝ የሚዞረው 1,500 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣ ማራገቢያውም ከዚያው ዘንግ ላይ ስላለ ነፋሱ ይቀንሳል። በአንጻሩ የሞተሩ ብረት ከተለመደው በላይ ማግኔት ስለሚሸከም ሙቀቱ ይጨምራል። ሙቀት ጨምሮ ነፋስ ሲቀንስ በሽቦው ላይ ያለው ሽፋን በወራት ውስጥ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። በስምንተኛው ወር መኪናው ሲቃጠል ባለሱቁ የዋስትናው ጊዜ አልፏል ይላል፤ ገዢውም ዕድሌ ነው ብሎ ይቀበላል። በእኔ ግምት በሰፈራችን «የመብራት መቆራረጥ አቃጠለው» ከሚባሉት ሞተሮች አንዳንዶቹ የሞቱት በዚህ በሽታ ነው፤ መብራት ኀይል ያላጠፋውንም ሲወቀስበት ይኖራል።

«ትራንስፎርመር ይገዛለታ!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ትራንስፎርመር ቮልትን ይለውጣል፤ ሄርዝን ግን ፈጽሞ አይለውጥም። 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ይገባበታል፤ 110 ቮልትና 50 ሄርዝ ይወጣበታል። ስታቢላይዘር የሚባለውም ዕቃ የሚጠብቀው ቮልቱ ከፍ ዝቅ እንዳይል ነው እንጂ በሄርዙ ላይ ሥልጣን የለውም። ሄርዝን የሚለውጥ መሣሪያ አለ፤ ለትልልቅ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተሮች የፍጥነት መቈጣጠሪያ እየተባለ የሚሸጠው ይህን ማድረግ ይችላል። ለአንዲት አነስተኛ የስፌት መኪና ሲባል መግዛቱ ግን ዋጋው ብዙ ጊዜ ከመኪናዋ ጋር ይፎካከራልና አይመከርም።

ትራንስፎርመር በሚበቃበትም ጊዜ ቢሆን መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። 300 ዋት የሚል መኪና ለማስነሣት የ300 ዋት ትራንስፎርመር አይበቃም፤ ሞተር በሚነሣባት ቅጽበት ከተጻፈው ኀይል ብዙ እጥፍ ይስባልና። ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራውን ሞተር በእኛ 50 ሄርዝ የግድ ማሠራት ያለበት ሰው ደግሞ፣ 120 ሳይሆን 100 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ቢመርጥ ሞተሩ ከመጠን በላይ አይሞቅም። የሄርዙ መጠን በስድስተኛ እጅ ስለ ቀነሰ ቮልቱም በዚያው ልክ መቀነስ ይገባዋልና። በአንጻሩ በመንገደኛ ቦርሳ የሚያዝ ቀላልና ርካሽ መለወጫ አለ፤ ይህ ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ እንጂ ለሞተርም ለኮምፒዩተርም የማይሆን ነው። በገበያ ላይ ግን ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም «ኮንቨርተር» እየተባሉ ሲሸጡ አያለሁ።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ምክንያት የ60 ሄርዝ አገሮች ዕቃ ወደ አገራችን እንዳይገባ በሕግ ይከልከል ይላሉ። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። በዛሬው ጊዜ የሚሠሩት ብዙዎቹ መኪናዎች፣ በተለይም ኮምፒዩተር ያለባቸው አዳዲስ የጥልፍ መኪናዎች፣ በሰሌዳቸው ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» የሚል ጽሕፈት አላቸው። እንዲህ ያለው ዕቃ ከየትም ይምጣ ከየት፣ የስፒናውን እግር ብቻ አስተካክሎ መሥራት ይቻላል። በካርቦን የሚሠራ ሞተር ያለው የቆየ የቤት ስፌት መኪናም ቮልቱ በትክክል ከተስተካከለለት ስለ ሄርዙ ብዙ አይጨነቅም፤ ካውያም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ክልከላው ደኅናውን ከመጥፎው ጋር አብሮ ይጥላል። በጎውን ከክፉው የምትለየው የዕቃው አገር አይደለችም፤ ያችው ሰሌዳ ናት።

በባሕር ሥራ ያሉ ሰዎች ይህን ነገር ከእኛ ቀድመው ተምረዋል። አብዛኛው የውቅያኖስ መርከብ በራሱ ጄኔሬተር የሚያመነጨው 60 ሄርዝ ነው። ወደብ ደርሶ ጄኔሬተሩን አጥፍቶ ከየብስ ኤሌክትሪክ ሊወስድ ሲፈልግ መኰንኑ ገመዱን ከመቀጠሉ በፊት ቮልቱን፣ ሄርዙን፣ የፌዙን ቅደም ተከተልና የመሬቱን ሽቦ ይጠይቃል። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ወደብ፣ የየብሱ ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ስለሆነ፣ ለመርከቦቹ ሄርዙን የሚለውጥ ጣቢያ ተሠርቶላቸዋል። ሚሊዮኖች የሚያወጣ መርከብ ይህን ካልጠየቀ ገመድ አይቀጥልም፤ እኛ ግን የዕቁብ ብር ይዘን ሳንጠይቅ እንቀጥላለን።

በ2017 ዓ.ም. ጣና ነሽ 2 የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ወደ ጣና ስትጓዝ ሕዝቡ ሁሉ መንገዷን ይከታተል ነበር፤ በሱቃችንም ስለ ድልድዩና ስለ ኩርባው ብዙ ተወራ። የእኔ አሳብ ግን፣ እንደ ልማዴ፣ ወደ ሰሌዳ ሄደ። ለሐይቆቻችን የመዝናኛ ጀልባ ከአሜሪካ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለና በዚሁ ልናገር። በአሜሪካ ተለቅ ያለ ጀልባ ከየብስ የሚቀበለው ሁለት ትኩስ ሽቦና አንድ ኒውትራል ነው፤ በሁለቱ ትኩስ ሽቦዎች መካከል 240 ቮልት፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ ኒውትራሉ ግን 120 ቮልት አለ። የእኛ 220 ቮልት ደግሞ አንድ ትኩስ ሽቦና አንድ ኒውትራል ነው። «240 እና 220 ይቀራረባሉ» ብሎ የእኛን ትኩስ ሽቦ ከጀልባው ትኩስ፣ የእኛን ኒውትራል ከጀልባው ኒውትራል ጋር ያገናኘ ሰው፣ ለ120 የተሠራውን መብራት፣ ማቀዝቀዣና የባትሪ መሙያ ሁሉ በአንዴ 220 ይጭንበታል። መፍትሔው መካከሉ ላይ ሦስተኛ ጫፍ ያለው መለያ ትራንስፎርመር በጀልባው ውስጥ ማስገባት፣ ሞተር ያላቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ ለ50 ሄርዝ መመርመር፣ የባትሪ መሙያውንም ሁለቱን ሄርዝ በሚቀበል መለወጥ ነው። ይህ ሥራ በሚገባ ካልተሠራ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ከጀልባ የሚያፈስ ኤሌክትሪክ በአጠገቡ የሚዋኘውን ሰው ሊገድል ይችላል፤ የሰው አካል ከዚያ ውሃ ይልቅ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋልና።

ስለ መሬት ሽቦ የሚነገረው ነገር በጀልባ ብቻ የሚቀር አይደለም። የብረት አካል ያለው የጥልፍ መኪና ባለ ሦስት እግር ስፒና ይዞ ሲመጣ፣ ሦስተኛው እግር ሶኬቱ ውስጥ አልገባም ተብሎ በፒንሳ ሲቈረጥ አይቻለሁ። ያ የተቈረጠው እግር፣ ሽቦው ተበላሽቶ የመኪናውን አካል ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩን በልብስ ሰፊዋ እጅ ሳይሆን በመሬት በኩል የሚያወርደው ነበር። ሦስተኛ እግር የሚቀበል ሶኬት የሌለው ሱቅ ሶኬቱን ያስለውጥ፤ የመሬት ሽቦም ያስቀብር።

አሁን ኃላፊነቱ የማን ነው ወደሚለው ልመለስ። በዕድሜም በንግድም የከበሩ አንድ ባለሱቅ ይህን ነገር ባነሣሁባቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ ገዢ ዓይን አለው፤ ያላየውን እኔ ላይለት ነው?» ብለውኛል። አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ይህን አነጋገር ሕጉም አይደግፈውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል፣ ሻጩ የሸጠው ዕቃ ለተለመደው አገልግሎቱ የሚያስፈልገው ጠባይ እንዲኖረው ዋስ እንዲሆን አድርጎታል። በአዲስ አበባ ሶኬት ላይ የማይሠራ መኪና በአዲስ አበባ ሲሸጥ ለተለመደው አገልግሎት ደኅና ነው ሊባል አይችልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። እርግጥ ገዢውም በፍትሐ ብሔሩ ሕግ መሠረት ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ነገር ግን ፊደል በቅጡ ያልለየች ልብስ ሰፊ በባዕድ ፊደል የተጻፈችውን ሰሌዳ እንድታነብ መጠበቅና፣ በየዓመቱ አርባ ኮንቴይነር የሚያስመጣ ሰው እንዲያነባት መጠበቅ አንድ አይደለም።

ነጋዴውም ቢሆን ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ፣ አንዲት መኪና ለማስመጣት የሚከፈለው ብር እንዴት እንደ ናረ በባንክ ወረፋ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ዋጋ መጥቶ በመጀመሪያው ቀን የሚቃጠል ዕቃ ማለት በእሳት የተጣለ የውጭ ምንዛሪ ነው። በፍራንኮ ቫሉታ የገባ ዕቃ ቢሆንም እንኳ ከአገር ወጥቶ የሚከፈልበት መለዋወጫ ይከተለዋል። በገበያችንም ስም ዋጋ አለው፤ «ከእገሌ ሱቅ አትግዢ፤ ያቃጥልብሻል» የሚለው ወሬ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ መርካቶ ይደርሳል።

እኔ በጽሕፈት ቤታችን የማደርገውን ልናገር። ለውጭ አገር አቅራቢ በምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ፣ ከዋጋው ቀጥሎ፣ የመኪናው ሰሌዳ ፎቶግራፍ እንዲላክልን እጠይቃለሁ። ፎቶግራፉ ሳይመጣ ፕሮፎርማው ለአሠሪዬ ፊርማ አይቀርብም፤ ቮልቱ፣ ሄርዙና የፌዙ ቍጥርም በፕሮፎርማው ላይ ካልተጻፈ ኤል ሲ አይከፈትም። ከአንድ አቅራቢ ጋር በዚህ ምክንያት ሁለት ሳምንት ተጻጽፈናል፤ በመጨረሻ የላከው ፎቶግራፍ 220 ቮልት፣ 60 ሄርዝ የሚል ነበርና ትእዛዙ ተሰረዘ። በሱቁ ደረሰኝ ላይም ከዕቃው ስም ቀጥሎ እነዚሁ ሦስቱ ቍጥሮች በአማርኛ ይጻፋሉ። ትራንስፎርመር የሚያስፈልገው ዕቃ ከሆነ፣ ዋጋው በመኪናው ዋጋ ላይ ተደምሮ ከመጀመሪያው ይነገራል እንጂ፣ ገዢው ቤቱ ደርሶ እንዲያውቀው አይተውም። ይህን በማድረጋችን ጎረቤቶቻችን ከእኛ ርካሽ የሚመስሉበት ጊዜ መኖሩን አልሸሽግም፤ እነርሱ የትራንስፎርመሩን ዋጋ አይደምሩምና።

ስለዚህ ይህ ነገር በአንድ ሱቅ ፈቃድ ብቻ እንዳይቀር፣ ንግድ ምክር ቤታችን ለአባሎቹ አንድ አጭር የውል ቃል አዘጋጅቶ ቢያሰራጭ ብዬ አሳስባለሁ። ቃሉ ከዚህ መርዘም አያስፈልገውም፦ «ሻጩ ይህ መኪና በ220 ቮልት፣ በ50 ሄርዝ፣ በአንድ ፌዝ (ወይም በ380 ቮልት፣ በሦስት ፌዝ) ያለ ተጨማሪ መሣሪያ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ተጨማሪ መሣሪያ የሚያስፈልገው ከሆነ ዓይነቱንና መጠኑን ከዚህ በታች ጽፎ ከመኪናው ጋር አብሮ ያስረክባል።» ይህ በፕሮፎርማም፣ በሱቅ ደረሰኝም ላይ ሊታተም ይችላል። ለዘመን መለወጫ የሚሆነው ልብስ የሚሰፋው በሰኔና በሐምሌ ስለሆነ፣ መኪናዎቹ የሚታዘዙት ከዚያ ወራት አስቀድሞ ነው፤ ምክር ቤቱም ቃሉን የሚያወጣው እስከ መጋቢት ቢሆን ለዘንድሮው ገበያ ይደርሳል።